የፍልስፍና ክበቡ መርዶ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ምነው ያን ጊዜ እንዲህ ብትል ኖሮ» እያላችሁ እንዳትነዘንዙኝ ነው። ሰው ሲፈራ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እኔን የሚከዳኝ አፌ ነው። ጉልበቴማ ለመሮጥ ምንጊዜም ዝግጁ ነው። ውሻ እፈራለሁ። ርዕሰ መምህር እፈራለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ትክ ብዬ እያየሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እስኪያቆም እጠብቃለሁ። ከሁሉም የባሰ ግን ለቅሶ ቤት እፈራለሁ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ልል ገብቼ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ እንዳልወጣ ስለምሰጋ፣ ጥግ ይዤ፣ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ቁጭ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ወገዳ ከተማን በማለዳ ቀስቅሶ ላልሞተ ሰው ድንኳን ያስተከለው።

እዚያው ወገዳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዜግነት አስተምራለሁ። ክረምት ላይ ደብረ ታቦር ለሥልጠና ጠርተውን ነበር። ሥልጠና ስትሄዱ ምን እንደሚጠበቅ ታውቁታላችሁ፤ ውሃ በፕላስቲክ፣ ሻይ በኩኪስ፣ እንቅልፍ በወንበር። የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ ግን እንቅልፍ የሚሰጥ አልሆነም። «ተማሪውን አትጋቱት! ሙዚቃ አሰሙት፣ አጭር ፊልም አሳዩት፣ ከዚያ አንዲት ከባድ ጥያቄ ጠይቁትና ዝም በሉ። ራሱ ይፈላሰፍ!» እያለ በመካከላችን ይንጎራደድ ነበር። ሰውየው ወደኔ ሲመጣ ደንግጬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እሱም አምኖ የነቀነቀ መስሎት በሰው ፊት አመሰገነኝ። ከተመሰገንኩ ወዲያ እንዴት እቀራለሁ? መስከረም ላይ የፍልስፍና ክበብ አቋቋምኩ።

የመጀመሪያው ቀን ከስልኬ አንድ የዋሽንት ዜማ ከፈትኩላቸው። ሲያልቅ፣ «ሐዘኑ ያለው ዋሽንቱ ውስጥ ነው ወይስ እናንተ ውስጥ?» ብዬ ጠየቅሁና በታዘዝኩት መሠረት ዝም አልኩ። እነሱም ዝም አሉ። ላብ ጀመረኝ። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

ግማሹ ቦርሳውን አነሳ። እኔም እፎይ ብዬ ላሰናብታቸው ስል ብርቱካን የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብድግ አለች። ብርቱካን ማለት ስትናገር አስተማሪ የምታስቀምጥ ልጅ ናት። «እኔ ዋሽንቱ አላሳዘነኝም፤ ያሳዘነኝ ዋሽንት የሚነፋው አጎቴ ትዝ ብሎኝ ነው። አጎቴን የማያውቅ ሰው ይህን ዜማ ሰምቶ ሊስቅ ይችላል ማለት ነው?» አለች። በቃ፣ ክፍሉ ተነሳ። ቦርሳ ያነሳው ሁሉ አስቀመጠ። አንዱ ሐዘን ከነፋሱ ነው ሲል፣ ሌላው ከጣት ነው ሲል፣ ጥበቃው መጥቶ በሩን ሊዘጋ እስኪለምነን ድረስ ተሟገቱ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሰው በጀርባው የቤት በር ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የሚያሳይ፣ ቃል የሌለው አጭር ፊልም አመጣሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ መብራት ጠፋ። መጨረሻውን እኔም አላየሁትም ነበርና ቢጠይቁኝስ ብዬ ፈራሁ። ማን ይጠይቀኛል! «ቤቱ ተቃጥሎበት የተረፈችውን በር ይዞ መሰደዱ ነው»፣ «የለም፣ አዲስ ቤት ሊሠራ ነው»፣ «ሌባ ነው እንጂ፣ ሌላ ምን ይሆናል!» እያሉ ጨለማው ውስጥ ተራኮቱ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፈሪ ሰው ደግሞ ደስ ሲለው ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው ብሎ ይጨነቃል። መጣም።

ኅዳር ላይ «ክፉ ወሬን ወዲያው መንገር ነው ደግነት፣ ወይስ ማቆየት?» የሚል ጥያቄ አነሳሁ። ልጆቹ ወዲያው መርዶን አመጡ። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሄዶ ሲሞት ለቤተሰቡ ማንም በስልክ አይናገርም። ዘመድና ጎረቤት ተማክሮ፣ በማለዳ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ይሄዳል። ሽማግሌው «ምንም የለም፣ ግቡ እስኪ» እያለ ሰውየውን ቤት ያስገባል፣ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ነው የሚያረዳው። ብርቱካን ተነስታ፣ «‹ምንም የለም› የሚለው ውሸት ነው ወይስ ደግነት?» አለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሊስማሙ ሲያቅታቸው፣ «ለምን ራሳችን በፊልም አንሠራውም? ሠርተን ስናየው ይገባናል» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። «ሟርት እንዳይሆንብን» ልል ነበር፤ አፌ ከዳኝ።

መርዶ ነጋሪ ሆኖ የሚጫወት ሽማግሌ አስፈለገ። እኛ ጥጥ አገጩ ላይ ለጥፎ የሚጫወት ተማሪ መፈለግ ሲገባን፣ ሥራው በደንብ እንዲሠራ ብለን እውነተኛውን መርዶ ነጋሪ አያ ፈንታን ለመንናቸው። አያ ፈንታ አናጺ ናቸው፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ለሕፃን ሳይቀር ቆብ የሚያነሱ ሰው ናቸው። ከተማው መርዶ ሲኖረው ግን የሚያስቀድመው እሳቸውን ነው። ቀን መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ፈገግ ይልላቸዋል፤ በማለዳ ደጁ ላይ ያያቸው ግን ይጮኻል። የገዛ ሚስታቸው ጠዋት ስትነቃ ፊታቸውን አይታ ትደነግጣለች እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

«ሟቹ ማን ነው?» አሉኝ መዶሻቸውን አስቀምጠው።

«ማንም አልሞተም አያ ፈንታ። ለትምህርት ነው።»

«ማንም ካልሞተ እኔን ምን ልታደርገኝ?»

አስረዳኋቸው። ብዙ አሰቡ። «እኔ ቀልድ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ከሠራሁት እንደ ደንቡ ነው የምሠራው።»

ቀረጻው ቅዳሜ በማለዳ ብርቱካን ቤት ሊሆን ተቆረጠ። የብርቱካን እናት በር ከፍተው «ቀስ ብዬ እጮኻለሁ» ብለው ተስማምተዋል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ልጆቹ የየእናታቸውን ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ። እኔም ቆሜ ከማይ ብለው አንዱን አለበሱኝ። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ቆሙ። እንደ ደንቡ ከሆነ ሰው የሚሰበሰበው ከሐዘንተኛው ቤት ራቅ ብሎ ነውና ከብርቱካን ቤት ጥቂት ዝቅ ብለን አንድ አጥር ሥር ተጠጋንና በሹክሹክታ መመካከር ጀመርን። የምንመካከረው ስለ ካሜራ ነው። ማንኛችንም የማን አጥር ነው ብለን አልጠየቅንም።

አጥሩ የእማማ ይታይሽ ነበር።

እማማ ይታይሽ ጌሾና ብቅል ሸጠው የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ብቻ አላቸው፣ መልካሙ። ሐምሌ ላይ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ሰሊጥ ሊያርም፣ ኋላም ሊያጭድ መተማ ወረደ። ጎረምሶቹ ሁሉ ተመለሱ፤ መልካሙ ግን «ጥቂት ልሥራ» ብሎ ቀረ። ስልኩ ተዘግቷል። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት የአጥራቸውን በር ከፍተው መኪና የሚመጣበትን መንገድ ሳያዩ ውለው አያውቁም። ያን ቀንም ከፈቱ።

ብርቱካን ልክ ያን ጊዜ «ጸጥታ! ቀረጻ!» አለች። ሹክሹክታው ባንዴ ቀጥ አለ።

እንግዲህ አስቡት። በማለዳ በራችሁን ከፈታችሁ። ደጃችሁ ላይ አያ ፈንታ ቆመዋል። ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው አንገቱን ደፍቷል። እናንተ ብቅ ስትሉ ሁሉም ዝም አለ።

«አያ ፈንታ...» አሉ እማማ ይታይሽ፣ የበሩን እንጨት ይዘው። «ምነው?»

አያ ፈንታ ደነገጡ። ቆባቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ደጅ ላይ ቆመው አንዲት ቃል ሲናገሩ የኖሩ ሰው ሌላ ቃል ከየት ያምጡ? «ምንም የለም ይታይሽ። ግቢ እስኪ ወደ ቤት» አሉ።

የእማማ ይታይሽ ፊት አመድ ሲመስል አየሁ። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍሬ፣ ከሰው መካከል ዘልዬ ወጣሁ። «እማማ፣ ማንም አልሞተም!» አልኩ።

«ሞት?» አሉኝ። «ሞት የሚለውን ማን አነሳው?»

ከዚያ ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «መልካሙዬን! ልጄን! የኔን አንድ ፍሬ!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ። የብርቱካን እናት ከላይ ሆነው ቀረጻው የተጀመረ መስሏቸው ቀስ ብለው መጮኽ ጀመሩ። ጎረቤት የሳቸውን ሰምቶ ወጣ፤ የጎረቤት ጎረቤት የጎረቤትን ሰምቶ ወጣ። እሪታው ቤት ለቤት እየተቀባበለ ሽቅብ ወደ ገበያው ሲወጣ በጆሮዬ ተከተልኩት። ወይ ጉዴ! ወይ ዛሬ!

«ውሸት ነው! ምንም የለም!» እላለሁ። «ምንም የለም» ባልኩ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል? ብርቱካን ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ «እመኑኝ እንጂ፣ ፊልም እየሠራን ነበር!» ብላ ጮኸች። አንዲት ሴትዮ እቅፍ አድርገው አወረዷት። «ገብቶኛል ልጄ፣ እሷን ለማጽናናት ብለሽ ነው። ተያት ግን፣ ይውጣላት» አሏት። «ፊልም» የምትለዋን ቃል የሰሙ ደግሞ ተማሪው እጅ ላይ ያለውን ስልክ አይተው፣ ሞቱ ተቀርጾ በስልክ ተልኳል የሚል ወሬ አነሱ። አንድ ሰውዬ ጎኔን ነካ አድርገው፣ «ላንዳፍታ አሳየኝ» አሉኝ በለሆሳስ።

«የሚታይ ነገር የለም፣ አባባ።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ደግ አደረግህ። እናቱ ሳለች አይታይም» አሉ።

ድንኳኑ ከኔ ማስተባበያ ፈጥኖ ተተከለ። የእድሩ ወንዶች አግዳሚ ይዘው ሲመጡ አንዱን ጫፍ እኔ ተሸከምኩ። ምን ላድርግ? አንተ ያዝ አሉኝ፣ ያዝኩ። ፀሐይ ሞቅ ስትል መልካሙ በወሬ ሁለት ዓይነት ሞት ሞቶ ነበር። አንዱ እባብ ነደፈው ሲል፣ አንዱ ከአይሱዙ ላይ ወደቀ ሲል፣ አንዱ ደግሞ ወሬውን ማን እንዳመጣው ሲጠየቅ በጣቱ ወደኔ ያመለክታል።

ይህን ጊዜ የእማማ ይታይሽ ወንድም ጋሻው ከአጨዳ ተጠርቶ ደረሰ። ጋሻው ድንኳኑ በር ላይ ሲቆም ብርሃን የሚከለክል ሰው ነው። ዱላውን እንደያዘ ነው።

«ማን ነው ያረዳት?»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

«የት ነው?» አለኝ።

«ማን?»

«አስከሬኑ ነዋ!»

«አስከሬንማ የለም።»

«ተቀብሯል?»

«ኧረ አልተቀበረም።»

«ታዲያ ሜዳ ላይ ነው?!»

ይህን የሰሙት ሴቶች እንደ አዲስ ደረታቸውን መቱ። ጋሻው ዱላውን መሬት ላይ ደገፈና፣ «እኛ ዘመድ አለን። በሰው አገር ሜዳ ላይ አይቀርም። መኪና ይፈለግ። ቦታውን የሚያውቀው መምህሩ ነው፣ መምህሩ ይምራን» አለ። ሁለት ሰዎች መኪና ሊፈልጉ ወጡ። እኔ መተማን ካርታ ላይ ካልሆነ አይቼው አላውቅም። የቆላው ሐሩር፣ ወባው፣ እባቡ፣ ከፊቴ ደግሞ የጋሻው ዱላ፣ ባንድ ላይ ዞሩብኝ። ሽንቴ መጣ። ሹልክ ልል ስል አንዱ ክንዴን ይዞ «አይዞህ፣ አንተም ጓደኛው ነበርክ መሰለኝ» ብሎ አስቀመጠኝ።

የተቀመጥኩት እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ነው። እማማ ይታይሽ መሐል ላይ ናቸው። ጩኸቱ አልቆባቸው አሁን በቀስታ እየተወዛወዙ ያንጎራጉራሉ፦

«ሰሊጡ ታጨደ፣ ገበያ ወረደ፤
አጫጁ መልካሙ ወዴት ነው የሄደ?»

ይህን ስሰማ ፍርሃቴ መልኩን ቀየረ። እስከዚያ ድረስ የፈራሁት ለራሴ ነበር። አሁን ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ እውነት፣ የት ነው የሄደው? ጓደኞቹ ተመልሰዋል፤ ስልኩ ዝግ ነው፤ ሰሊጡም ታጭዶ አልቋል። ሞቶ ቢሆንስ? እኛ ሟርት አሟርተንበት ቢሆንስ? ሆዴ ባባ። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ መንሰቅሰቅ ጀመርኩ።

«ቲቸር!» አለች ብርቱካን፣ ከጎኔ ቁጢጥ ብላ። «እርስዎም?!»

«ብርቱካን፣ ምናልባት እውነት ቢሆንስ?»

«ታዲያ ይጣራ እንጂ ይለቀሳል? ክበብ ውስጥ ‹ያላጣራችሁትን አትመኑ› ይሉን የለም እንዴ!»

ይህን ማለቴ ትዝ አይለኝም፤ ግን አፈርኩ። ብርቱካን ከመተማ ከተመለሱት ጎረምሶች አንዱን ጎትታ አምጥታ የካቦውን፣ ማለት ሠራተኞቹን የሚያዝላቸውን ሰውዬ ስልክ ቁጥር ተቀበለችው። ከተማው ውስጥ ያን ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም። ከቤቶቹ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ግን አንድ ሁለት መስመር ይገኛል። ጋሻው መኪናውን ሲጠባበቅ እኔና ብርቱካን በጓሮ ወጥተን ሽቅብ ሮጥን። ጉልበቴ አላሳፈረኝም።

ጠራ። ተነሳ።

«ሃሎ? ስለ መልካሙ ልጠይቅ ነው። የወገዳው መልካሙ።»

«መልካሙ?» አለ ካቦው። «እሱማ...»

ተቋረጠ።

በእግዜር! «እሱማ» ምንድን ነው? እሱማ ሄደ? እሱማ አረፈ? ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልሠራ አለኝ። ከታች ለቅሶው ይሰማኛል። ስለት ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ ግን ለናንተም አልነግራችሁም፣ ገና አላስገባሁትም። ብርቱካን ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ ክንዷን ዘርግታ ደወለችና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መልሳ ሰጠችኝ።

«እሱማ እዚሁ ነው» አለ ካቦው። «ቆይ፣ ይኸው፣ ያዝ።»

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ የጎረምሳ ድምፅ።

«መልካሙ ነህ?»

«አዎ።»

«አልሞትክም?»

«እስካሁን አልሞትኩም» አለ። «ማን ልበል?»

ተንበረከክሁ። ጠየቅሁት፣ ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ ሁሉን ባንድ ላይ። ለካ ወባ ጥሎት ነበር። ያገኛትን ሁሉ ሕክምና በላት፤ ስልኩንም ሸጠው። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ?» አለኝ። «ምን ይዤስ ልደውል?»

ላጽናናው ስል ንፋሱ የታቹን እሪታ ወደ ስልኩ አመጣው።

«ያ ለቅሶ ምንድን ነው?» አለ መልካሙ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ «ላንተ ነው የሚለቀሰው» ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው የራሱን ሞት እንዴት ይረዳል? ቢደነግጥብኝስ ብዬ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ አፌ ምን እንደሚያመጣ ነግሬያችኋለሁ።

«ምንም የለም» አልኩት።

«እማዬን!» ብሎ ጮኸ መልካሙ። «እማዬ ሞታ ነው! እኔን ልታረዱኝ ነው የደወላችሁት! እማዬን!»

ስልኩ ውስጥ ካቦው ሲሮጥ፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ሌላ ለቅሶ ሲጀመር ሰማሁ። ብርቱካን በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። በወገዳ እናት ለልጅ ታለቅሳለች፤ በመተማ ልጅ ለእናቱ ያለቅሳል። በመሐል እኔ ቆሜያለሁ።

«እንዳይዘጋ አድርጊ!» ብዬ ስልኩን ለብርቱካን ሰጥቼ ቁልቁል ወረድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አያ ፈንታን አገኘኋቸውና ጆሯቸው ላይ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወደ እማማ ይታይሽ ሄደው በርከክ አሉ።

«ይታይሽ፣ ልጅሽ ስልክ ላይ ነው። ጉብታው ላይ ነይና አናግሪው።»

«እርስዎ ካሉስ በቃ፣ አብቅቶለታል» አሉ እማማ ይታይሽ።

አያ ፈንታ ወደ ጋሻው ዞረው በዓይናቸው ለመኑት። ጋሻው ዱላውን ጣለና እህቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሽቅብ ወጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ተከተለ። ከሩቅ ያየን ቀብር ወደ ተራራ የምንወስድ ነበር የሚመስለው።

«እማዬ?» አለ ስልኩ።

እማማ ይታይሽ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁ። «ይሄ የተቀረጸ ነው» አሉ። «እነዚህ ልጆች ሲቀርጹ አይቻለሁ።»

«አታታሉኝ! እናቴ አይደለችም!» አለ ስልኩ እያለቀሰ። «እናቴ እንዲህ ዝግ ያለ ድምፅ የላትም!»

«ስትሄድ ምን ብዬህ ነበር?» አሉ እሳቸው።

«ሳትበላ እንዳታድር ብለሽኛል።»

«ይህንማ ማንም እናት ትላለች። አይደለም፣ ልጄ አይደለም።»

ስልኩ ባትሪው ሊያልቅ ቀይ ሆኗል። ጋሻው እኔን ማየት ጀመረ። እማማ ይታይሽ ስልኩን ሊመልሱልኝ ዘረጉና ድንገት ወደ ጆሯቸው መልሰው፣ «አንተ ከይሲ!» ብለው ጮኹበት። «ልጄ ብትሆንማ ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ድምፅህን ታጠፋብኝ ነበር? አንተ ሆድህ የማይባባ!»

«ኧረ አትሳደቢ እማ!» አለ ስልኩ። «አሞኝ ተኝቼ ነው አልኩ እኮ! ሁልጊዜ ሳትጠይቂ መሳደብ! ሞቻለሁ በይ እንግዲህ፣ ይሻልሻል!»

እሳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ።

«እሱ ነው» አሉ እማማ ይታይሽ። «ይሄ አፍ የልጄ ነው!»

«እሷ ናት» አለ መልካሙ።

እልልታው ከእሪታው ይበልጥ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አቀኑ። ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ወደ ላይ መጣና በእልልታ ተበላ። ጋሻው ግንባሬን ሳመኝ፤ ሲስመኝ ሊመታኝ መስሎኝ አጎነበስኩና በአፍንጫዬ አገኘኝ። አያ ፈንታ አንድ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ቆባቸውን እያዟዟሩ፣ «ያረዳሁት ሰው ሲነሳ ዛሬ ገና አየሁ» እያሉ እንደ ልጅ ይስቃሉ። እርግጥ ሽማግሌዎች ጠርተው ገሥጸውኛል፤ ርዕሰ መምህሩም ቢሮው አስጠርቶኝ ክበቡ ከእንግዲህ ከግቢ እንዳይወጣ አስጠንቅቆኛል። ሁሉንም እሺ አልኩ። መልካሙ ካቦው አሳፍሮት በሳምንቱ መጣ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ባዶ እጁን። እናቱ ደጅ ላይ ቆመው እየተሳደቡ ተቀበሉት።

እኔም እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር።

መልካሙ ከመጣ በኋላ ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስገባ በሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት ቆመው አገኘሁ። እማማ አንጓች ይባላሉ፤ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ያን ቅዳሜ ለቅሶው ላይ ነበሩ። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ራሴን ለይቅርታ አዘጋጀሁ።

«እኔም ልጅ አለኝ» አሉኝ። «ከሄደ ቆየ።»

«ወዴት ነው የሄደው፣ እማማ?»

«አልነገረኝም።»

«ስልክ ቁጥሩ አለዎት? እኔ እደውልልዎታለሁ።»

«የለኝም።»

«አብሮት የሄደ ሰውስ?»

ራሳቸውን ወዲያ ወዲህ ነቀነቁ። ቀና ብለው አዩኝ። «የይታይሽ ልጅ የተገኘው ስታለቅሱለት ነው» አሉ።

ፍርሃቱ ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ታወቀኝ። «እማማ፣ ያ እኮ በስህተት የሆነ ነው» አልኳቸው።

«ይሁና። ስህተቱን ለኔም አድርጉልኝ።»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው በአጠገባችን እየተጋፋ ይገባል። «ምንም የለም» እንኳ ማለት አልቻልኩም። እማማ አንጓች እጄን ያዙኝ።

«ፈንታንም፣ ልጆቹንም ይዘህ በማለዳ ና» አሉኝ። «እኔ እንዳላወቅሁ ሆኜ እከፍታለሁ።»